ጆሮ አይተው የሚያሳልፉት ጋሽ ወልደ ዮሐንስ

በየሰፈሩ፣ በሰው ሁሉ ቤት ዕቃ ሲጠፋ በእሳቸው ቤት ግን ምንም የማይጠፋ አንድ ሰው አሉ። የቤት ካርታው፣ የጋብቻ ወረቀቱ፣ ትርፍ ቁልፉ ሁሉ የሚቀመጠው እሳቸው ዘንድ ነው። የእኛ ሰፈር፣ የሽምብጡ ሰው ጋሽ ወልደ ዮሐንስ ይባላሉ። ሊፈቱት የተነሡት ችግር የፓስፖርት ችግር ነበር።

ችግሩስ እውነት ነበር። የእናትዓለምን ፓስፖርት አይጥ ከፎቶው ጀምሮ በላው። መስዑድ የራሱን ከሱሪው ጋር አጥቦ ገመድ ላይ አሰጣው። አንዲት እናት ልጃቸው እንዳይሄድባቸው ብለው ጤፍ ጎታ ውስጥ ቀበሩና የትኛው ጎታ እንደሆነ ረሱት። ጋሽ ወልደ ዮሐንስ ይህን ሁሉ ሰምተው የብረት ሳጥን ገዙ፤ አልጋቸው ሥር አስገብተው «ከእንግዲህ ሁሉም ወደ እኔ!» አሉ። ዓመት ሳይሞላ አሥራ አንድ ፓስፖርት ተሰበሰበ። አንዱ የእኔ ነው።

ክቡርነታቸው ለዚህ ሹመት የበቁት እንዲያው አይደለም። በጎርጎራው የሐይቅ መርከብ ላይ ሠላሳ ዓመት ቲኬት ተቆጣጥረዋል። «ፊት ይዋሻል፤ ጆሮ አይዋሽም» ይላሉ። ጢም ይበቅላል፣ ጉንጭ ይሞላል፣ ጆሮ ግን እንደተፈጠረ ነው። መንትያ ወንድማማቾች፣ አንዱ በሄደበት ቲኬት ሌላው ሊመለስበት ሲሞክር፣ በጆሮው ለይተው ደልጊ ወደብ ላይ አውርደውታል። ይህን ታሪክ ያልሰማ የሽምብጥ ሰው ካለ ገና አልተወለደም።

ስለዚህ ፓስፖርት ለመውሰድ ሥርዓት አለው። በር ላይ ትቆማለህ። «ዙር!» ትዞራለህ። «ወደ ብርሃኑ!» ፎቶውን ያያሉ፣ ጆሮህን ያያሉ፣ መልሰው ፎቶውን ያያሉ። ሥርጉት ሹሩባ ተሠርታ፣ ጆሮዋን ሸፍና የመጣች ዕለት «ይችን አላውቃትም» ብለው መለሷት። ሥርጉት የገዛ ልጃቸው ናት።

ብሥራት ደግሞ የጀልበኛው የሀብተ ሥላሴ ልጅ ናት። የዓሣ እርባታ የምትማርበት ዕድል ባሕር ማዶ አገኘች። ቪዛው ፓስፖርቷ ላይ ተመታ፤ ፓስፖርቱም ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ትምህርቱ የሚጀመረው በመስከረም መጨረሻ ነው። ሐምሌ ሃያ ሦስት ቀን ጋሽ ወልደ ዮሐንስ የጊዮርጊስን ዝክር ደገሱ፤ ቤቱ በሰው ሞልቶ ዋለ። በማግስቱ የሳጥኑ ቁልፍ ተሰብሮ ተገኘ። አሥሩ ፓስፖርቶች አሉ። ቪዛ ያለበት አንዱ ብቻ የለም።

ነገሩን ለእኔ ብቻ ነገሩኝ።

«ዛሬውኑ ለፖሊስ እናመልክት፣ ጋሼ» አልኋቸው።

«ምን ብዬ? አደራ በላሁ ብዬ?»

«ሰው ይሄድበታል እኮ!»

«በብሥራት ፎቶ? አገሩ ሁሉ ተቆጣጣሪ የለውም እንዴ? እኔ ከጎርጎራ መርከብ ያላሳለፍሁትን እነሱ በአውሮፕላን ያሳልፉታል?»

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳ፤ ነገሩ እጅግ የሚገርም ነውና። የአየር መንገዱ ሠራተኛ የሚያየው በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ከቲኬቱ ጋር መግጠሙንና ቪዛ መኖሩን ነው። የድንበር ሹሙ ፎቶውንም ሰውየውንም ለጥቂት ሰከንድ ያያል፤ ከኋላ ሰልፉ ይረዝማል፤ የማያውቁትን ሰው ፊት ከፎቶ ጋር ማመሳከር ደግሞ ከምናስበው በላይ ከባድ ነው። ከዚያ ማሽኑ አለ። አገሮች የተሰረቁ ፓስፖርቶችን ቁጥር ለዓለም አቀፍ ፖሊስ ይልካሉ፤ ማሽኑ ያንን ዝርዝር መጠየቅ ይችላል። ድንቅ ሥራ ነው! ግን ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛ፣ ዝርዝሩን ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚጠይቀው ሁሉም አውሮፕላን ማረፊያ አይደለም። ሁለተኛውና ሰፊው፣ ዝርዝሩ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ባለቤቱ ለፖሊስ፣ ፖሊስ ለመንግሥት፣ መንግሥት ለዝርዝሩ። የመጀመሪያው አፍ ከተዘጋ፣ የተሰረቀው ፓስፖርት ንጹሕ ፓስፖርት ሆኖ ይበራል።

ጋሽ ወልደ ዮሐንስ ግን የአባቶችን መንገድ መረጡ፤ ሌባው ሳይዋረድ የሚመልስበትን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዕድሩን ሰው ሰበሰቡ። «ከቤቴ አንድ ነገር ጠፍቷል። የወሰደው ሳይታይ ይመልስ» አሉ፤ ምን እንደሆነ አልተናገሩም። በጋቢ የተሸፈነ ትልቅ ቅርጫት መሐል ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ቤቱ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ በየተራ እጁን ከጋቢው ሥር አስገብቶ አወጣ። ጀልበኛው ሀብተ ሥላሴም አስገባ። ጋቢው ሲገለጥ፣ ከዓመት በፊት ከዕድሩ የጠፉ ሦስት ጭልፋዎች ተገኙ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ወልደ ዮሐንስ አልሳቁም። እኔም አልሳቅሁም። «ሳምንት ልየው» አሉኝ፤ ከዚያ ሌላ ሳምንት። እኔም እሺ አልሁ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ብሥራት ቲኬት ልትቆርጥ ብላ ፓስፖርቷን ልትወስድ መጣች። «ዙሪ» አላሏትም። ነገሯት።

በዚያው ሰዓት ሮጣ ለፖሊስ አመለከተች። አዲስ ፓስፖርትም ወጣላት። ኤምባሲው ግን ቪዛ ከለከላት፤ በመዝገቡ ብሥራት ሀብተ ሥላሴ የምትባል ተማሪ የፖሊስ ማመልከቻዋ ከመድረሱ ከአራት ቀን በፊት በአሮጌው ፓስፖርት አገሩ ገብታለች፤ አልወጣችምም።

«እኔ እኮ ገብቻለሁ፣ ጋሼ» አለቻቸው። «እዚህ የቆምሁት ማን ነኝ?»

አባቷ አልጮኸም። «አያ ወልደ ዮሐንስ፣ የጠፋው የልጄ መሆኑን ሳላውቅ እዚያ ቅርጫት ውስጥ እጄን አስገብቼ ነበር እኮ» ብቻ አለ። ቢጮህባቸው ይሻላቸው ነበር።

መስከረም አለፈ። ሰው ሁሉ እየመጣ ፓስፖርቱን ወሰደ። እኔም ሄድሁ፤ በር ላይ ቆምሁ። አንገታቸውን ደፍተው ዘረጉልኝ፤ ጆሮዬን አላዩም። በሕይወቴ «ዙር!» መባል እንደዚያ ቀን ናፍቆኝ አያውቅም። «እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ» ብዬ ጥዬው ወጣሁ። ከሁለታችን ያጠፋ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እወስደው ነበር።

ዩኒቨርሲቲው የብሥራትን ቦታ ለአንድ ዓመት ይዞላታል። ኤምባሲው ጉዳዩን እንደገና የሚያየው ግን ፓስፖርቱ መቼ እንደጠፋና እስኪነገር ድረስ ለምን እንደቆየ አደራ ጠባቂው በፖሊስ ፊት ፈርመው ሲያስረዱ ነው። ፖሊስ ጣቢያው ወረቀት ሰጥቷቸዋል። ጋሽ ወልደ ዮሐንስ አራት ጊዜ ጽፈው አራት ጊዜ ቀደዱ። በመጀመሪያው ሌባውን ከሰሱ፣ በሁለተኛው የዓለምን ተቆጣጣሪዎች ሁሉ፤ በሦስተኛው ስለ ሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው ብዙ አሉ፤ አራተኛውን አላሳዩኝም። ዛሬ ጠዋት የጀመሩት አምስተኛው «በማግስቱ ዐውቄ ነበር፤ አልተናገርሁም» ይላል። ብሥራት አጠገባቸው ተቀምጣ ወረቀቱን ይዛላቸዋለች፤ እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን መስመር እየሞከሩ ነው።