ጋሽ ፒንሳና የቦርሳዬ መክፈቻ

በየቤተሰቡ ጥርሱን የሥራ መሣሪያ ያደረገ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ፣ እባካችሁ መስታወት ፊት ቁሙና ጥርሳችሁን ተመልከቱ፤ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛው ታላቅ ወንድሜ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሽቦ በጥርሱ ሲልጥ ስለኖረ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ፒንሳ» ይለዋል። ሽቦ ብቻ ቢሆንማ ምን ነበረበት! ክቡርነታቸው የጠርሙስ ቆርኪ፣ የጆንያ ቋጠሮ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የአዲስ ሸሚዝ ክር፣ ሁሉንም በጥርስ ነው የሚጨርሱት። መክፈቻ የሚፈልግ ሰው ካዩ ደግሞ ከልባቸው ያዝኑለታል። «አምጪው ወዲህ! መክፈቻ ለሰነፍ ነው።»

የወደፊት አማቴ መጀመሪያ ቤታችን የመጡ ቀን፣ እኔ ብርጭቆ ስወለውል ጋሼ ለስላሳውን በጥርሱ ከፍቶ ቆርኪውን ትፍ አለው። ቆርኪው ተንከባሎ አማቴ ጫማ ሥር ቆመ። ሴትዮዋ ቆርኪውን አዩ፣ ጋሼን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በማግስቱ መክፈቻ ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ወዲህ እሱ ባለበት ግብዣ ሁሉ እየተሽቀዳደምኩ ጠርሙስ የምከፍተው እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእሱማ ጭራሽ።

ዘንድሮ መንጋጋው ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ሲያዛጋ ነበር፤ ቀጥሎ ሲያኝክ። ጠዋት ጠዋትማ አፉ አልከፈት ይለዋል። «ምንም አይደለም፣ ዘይት ነው የሚፈልገው» እያለ ከረመ። በመጨረሻ ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ጋ ወሰደችው፤ እኔም ተከተልኩ።

ሐኪሟ የራጅ ፎቶውን አይታ፣ መንጋጋው መገጣጠሚያ ላይ ያለው ለስላሳ አጥንት እያለቀ መሆኑን፣ አጥንት ከአጥንት እየተፋተገ መሆኑን ነገረችን። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች።

«አገጭዎን ተመትተው ያውቃሉ?»

«ከመሰላል ወድቄ ነበር፤ ቀላል ነው።»

«ሲተኙ ጥርስዎን ያፋጫሉ?»

ሚስቱ ቀደመችው። «ወፍጮ ቤት ነው ያገባሁት።»

የግራ ጥርሶቹን ካስነቀለ ወዲህ በቀኝ ብቻ እንደሚያኝክም አመነ። ሐኪሟ ዕድሜም የራሱ ድርሻ እንዳለው፣ ችግሩ ደግሞ ይበልጥ በሴቶች ላይ እንደሚበዛ ስትጨምርበት ጋሽ ፒንሳ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ያዘ።

«በጥርስዎ ጠንካራ ነገር ይከፍታሉ?»

ሚስቱ ዞር ብላ አየችው።

«አንዳንዴ» አለ። እንዲያ ያለ ቀጭን ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም።

ያለቀው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን መጠበቅ እንደሚቻል ነገረችው፤ ለስላሳ ምግብ፣ መንጋጋው ላይ ሞቅ ያለ ጨርቅ፣ ጥርስ ደግሞ ለማኘክ ብቻ።

የጋሼ ሴት ልጅ ሠርግ ዕለት የአባት ወንበር ባዶውን ተቀምጧል። ሙሽራዋ በር በሩን ታያለች። ፈልጌ ፈልጌ አዳራሹ ጓሮ፣ ቆጣሪው አጠገብ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«መብራቱን እጠብቃለሁ።»

«መብራቱ የት እንዳይሄድ ነው?»

አንገቱን ደፋ። «ጠርሙስ ይዘው ይመጣሉ፣ ታውቂያቸው የለ? አልችልም ብል መሳቂያ ነኝ። ሳኝክ የሚሰማው ድምፅ ደግሞ አለ። ልጄን አማቶቿ ፊት አላሳፍራትም።»

ቦርሳዬን ከፍቼ መክፈቻውን ሰጠሁት። አገላብጦ አየው።

«ይሄማ አሮጌ ነው። ከመቼ ጀምሮ ይዘሽዋል?»

ልዋሽ ነበር፤ አልመጣልኝም። «አማቴ ቤታችን ከመጡበት ማግስት ጀምሮ።»

ቀለሙ የተላላጠ እጀታውን በአውራ ጣቱ አሻሸው። «አሳፍሬሽ ነበራ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልሰጠሽኝም?»

አፈርኩ። በዚያች ደቂቃ በራሴ ያፈርኩትን ያህል ወንድሜ አሳፍሮኝ አያውቅም።

እጁን ይዤ አስገባሁት። ገና ሳይቀመጥ ጩኸቱ ቀለጠ። «ጋሽ ፒንሳ! በጥርስ! በጥርስ!» ጠርሙስ ፊቱ ተደቀነ። እሱም መክፈቻውን አወጣ፤ ግን ገልብጦ ነበር የያዘው። ለካ ይሄ ሰውዬ በዕድሜው መክፈቻ ይዞ አያውቅም! ሙሽራዋ ጎንበስ ብላ በጣቷ አዞረችለት፤ ቆርኪው ተነሣ።

«እንዴ!» አሉ አማቴ ከጎኔ ሆነው። «ጋሽ ፒንሳ ደግሞ መክፈቻ ከየት አመጡ?»

እኔ ጠረጴዛው ሥር ብገባ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን መንጋጋውን በግራ እጁ ደገፍ አድርጎ ፈገግ አለ።

«እህቴ ናት የገዛችልኝ» አላቸው። «ለዛሬ ብላ።»

የተላላጠውን እጀታ በመዳፉ ሸፍኖት ነበር።