«ንስሐ ነገ» የተባለው አልበም እንዴት እንደተመረቀ

መጥፎ ልጅ መሆን ቀላል የሚመስላችሁ ካላችሁ እስቲ ካዛንቺስ መጥታችሁ ሞክሩት። ገና ሲጋራችሁን ሳትለኩሱ ወሬው እናታችሁ ጆሮ ይደርሳል። ትሰደባላችሁ፣ ትመከራላችሁ፣ በመጨረሻም «ለመሆኑ ምሳ በልተሃል?» ተብላችሁ ወደ ቤት ትገባላችሁ። ምሳ እየበሉ ማመፅ ደግሞ ከባድ ነው።

የእህቴ ልጅ ሚኪያስ ግን ቆርጦ ተነሳ። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር «ቀይ ጥፍር» የሚባል ባንድ አቋቋመ። የሚጫወቱት ስሊዝ ሜታል ይባላል። እኔም እንደ እናንተ ምንድን ነው ብዬ ጠይቄ ነበር።

«ማለቴ ጋሼ፣ በቃ ሜታል ነው፤ ግን ትንሽ ባለጌ» ሲል አስረዳኝ።

እንደገባኝ ከሆነ ጸጉር እስከ ትከሻ ይወርዳል፣ ዓይን ይኳላል፣ ልብስ ይቀዳደዳል፣ ዘፈኑ ስለ መጠጥና ስለ ሴት ይጮኻል። ይህን ሁሉ ብልግና ሲለማመዱ ታዲያ ሦስቱ ፍልሰታን፣ ድራመሩ ጀማል ደግሞ ረመዳንን አንድም ቀን አላፈረሱም። ልምምዳቸው እድራችን ድንኳንና ወንበር በሚያስቀምጥበት ክፍል ውስጥ ነበር። ፈቃዱን የሰጧቸው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ታደሰ ሲሆኑ፣ ባገኟቸው ቁጥር ጸጉራችሁን ተቆረጡ ይሏቸዋል። ጠባቡን የቆዳ ሱሪ የሰፉላቸው ደግሞ ቡልጋሪያ ሠፈር የመኪና ወንበር የሚያለብሱት ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ናቸው። ይኼን ለብሳችሁ በምን ዘዴ ልትቀመጡ ነው እያሉ ሰፉላቸው።

ሦስት ዓመት ደክመው የመጀመሪያ አልበማቸውን ጨረሱ፤ ስሙ «ንስሐ ነገ»። ምረቃው መስቀል ፍላወር በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሚኪያስ ከማንም በፊት የጠራው ሠፈሩን ነው። ምኞቱ አንድ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ «ጩኸት» ሲሉበት የኖሩት ሰዎች አንዴ ቁጭ ብለው እንዲሰሙለት።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ደምሴ ሞቱ።

ቀብሩም በዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መርዶውን ልነግረው ለሚኪያስ ስደውል ልጆቹ ባምቢስ አካባቢ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ተኳኩለው፣ ጸጉራቸው ተነፋፍቶ ጨርሰዋል። ጓደኞቹ የሚመጣውን ሰው ይዘን እንጫወት፣ አዳራሹን ሌላ ቀን የምናገኘው ከሁለት ወር በኋላ ነው አሉት። ሚኪያስ ግን፣ «የሰፉልኝን ሱሪ ለብሼ፣ እሳቸውን ሳልቀብር ልዝፈን?» አለ። ምረቃውን ሰርዘው እንደተኳኳሉ ወደ ቀብሩ መጡ።

የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሲረግጡ፣ ለቀስተኛው አሁን ያዋርዳቸዋል ብዬ ፈራሁ። ነገሩ ሌላ ሆነ። ጥቁር የተቀዳደደ ልብስ፣ የተንጨባረረ ጸጉር፣ ከእንባ ጋር ጉንጭ ላይ የወረደ ኩል፤ እኛ አገር እንዲህ የሚሆነው ሐዘን አንጀቱን የቆረጠው ሰው ብቻ ነው። ሠፈሩ ሦስት ዓመት የሰደበውን አለባበስ ያን ዕለት በሐዘን ልብስነት ተቀበለው። አንዲት ሴትዮ ወደ ሚኪያስ እያመለከተች የትኛው ልጃቸው ነው ብላ ጠየቀችኝ። የሟች ባለቤት እትዬ አስካለ አራቱንም ተራ በተራ አቅፈው አለቀሱ። እኔ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ የሚኪያስ እንባ የምር መሆኑን ሳይ ግን በራሴ አፈርኩ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? ጋሽ ታደሰ ይህን ውለታ ሊመልሱ ቆረጡ። ከሁለት ወር በኋላ አዳራሹ ሲገኝ የእድሩን ጥሩምባ ነፊ በየመንደሩ አዞሩት። ማንም አባል እንዳይቀር ተባለ። ማን ይቀራል! ሠፈሩ ነጠላውን አጣፍቶ መጣና ሴቱ በአንድ ወገን፣ ወንዱ በሌላ ወገን ተደርድሮ ተቀመጠ።

ልጆቹ የአልበሙን ስምንቱንም ዘፈን ተጫወቱ። ጊታሩ አጓራ፣ ሚኪያስ መሬት ላይ ተንከባለለ። ያጨበጨበ የለም፤ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ ሁሉም ጸጥ ብሎ አዳመጠ። አንድም ሰው አቋርጦ አልወጣም። ምኞቱ ደረሰለት ማለት ነው።

ሲያበቃ ጋሽ ታደሰ ቀድመው ተነሱ። ሕዝቡም ከኋላቸው ተሰለፈ። ወደ መድረኩ ቀርበው፣ በላብ የተዘፈቁትን አራቱን ልጆች ጎንበስ እያሉ አንድ በአንድ ጨበጧቸው።

«እግዜር ያጥናችሁ» አሏቸው።

ሚኪያስ ኩሉን በክንዱ ጠረገና «አሜን» አለ።