እትዬ ሥራነሽ ስለ ልብ ሞተር የጠየቁኝ

የልብ ክትትል ክፍል ባለበት ሁሉ አንድ ጠያቂ አስታማሚ አይጠፋም። በሽተኛው ዝም ይላል፣ ሐኪሙ ይቸኩላል፣ አስታማሚው ይጠይቃል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በነርስነት አሥራ ስድስት ዓመት ስሠራ ብዙ ጠያቂ አይቻለሁ። ሁሉም ቢደመሩ ግን ክብርት ወይዘሮ ሥራነሽን አያህሉም።

እትዬ ሥራነሽ ሮብ ገበያ ከሚባል አገር የሚመጡ ገበሬ ናቸው። የሚያስታምሙት ታናሽ ወንድማቸውን፣ የድጓ መምህሩን የኔታ ገዳሙን ነበር። የኔታ ልባቸው ሰፍቶና ደክሞ አንድ ዜማ ሳይጨርሱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። በየወሩ አንድ ማክሰኞ ይመጣሉ። ገና ከበሩ እትዬ "ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ" ይላሉ። አንድ ሆኖ አያውቅም። ነጩ ክኒን ለምን ቢጫ ሆነ? ጨው ከተከለከለ በርበሬስ? በሦስት ትራስ ተደግፎ የሚተኛ ሰው አራተኛ ቢጨመርለት ይሻለዋል ወይ? አንድ ቀን ምሳ ልበላ ስወጣ ተከትለውኝ መጡና መልሼ ስጨርስ የምሳ ሰዓቴ አለቀ። ይባስ ብሎ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ የራሱን ጥያቄ በእሳቸው በኩል መላክ ጀመረ።

በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ የልብ ሐኪም የኔታን መርምሮ ለተማሪዎች ሲያስረዳ፣ በሌላ አገር እንዲህ ለደከመ ልብ ደም የሚገፋ ትንሽ ሞተር በቀዶ ጥገና እንደሚገጠም፣ ከሆድ በሚወጣ ሽቦም ወገብ ላይ ከሚታሰር ባትሪ ጋር እንደሚያያዝ እትዬ እየሰሙ ተናገረ። ምነው በእንግሊዝኛ በተናገረው ኖሮ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞተሩ ወኪል ሆኜ ቀረሁ። ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? መብራት ሲጠፋስ? ታጥቀውት ቅዳሴ ይቆማሉ? ጠበል ይገባሉ? የማላውቀውን አዲስ አበባ እየደወልኩ ሐኪሙን ጠየቅኩ። ባትሪው ግማሽ ቀን ያህል እንደሚቆይ፣ ሰውየው ውሃ ውስጥ እንደማይነከር፣ ሞተሩ ደሙን ሳያቋርጥ ስለሚገፋም የእጅ ትርታው ብዙ ጊዜ እንደማይዳሰስ ነገርኳቸው። እትዬ የወንድማቸውን እጅ ይዘው ትርታውን በጣታቸው ፈለጉ።

"ባይዳሰስም ይኖራል?"

"ይኖራል" አልኳቸው።

"እንግዲያው ይሁን" አሉ፣ ፈቃጁ እሳቸው የሆኑ ይመስል።

ያልነገርኳቸው ነገር ነበር። ያን ጊዜ ሞተሩን የሚገጥም በአገራችን አልነበረም፤ ውጭ እንላካቸው ቢባል እንኳ የኔታ መንገዱን አይችሉትም። ሚያዝያ ላይ መደበቁ ሰለቸኝና ልናገር ቆረጥኩ። እትዬ መድኃኒት ሊያወጡ እንደሄዱ የኔታ በእጃቸው ጠሩኝ።

"ለእኔ እንደማይሆን አውቃለሁ" አሉ፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። "ሐኪሙን ብቻዬን ጠይቄዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?"

"ስትጠይቅ አታለቅስም።"

እኔም ሳልነግራቸው ቀረሁ። ሰኔ ላይ እትዬ ራሳቸው ደረሱበት። ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ ሞተሩ ለእሱ አይደርስም አይደል አሉኝ። አይደርስም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ቀጣዩ ክኒን በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ጠየቁኝ።

የኔታ ነሐሴ ላይ በቤታቸው አረፉ። የሰማሁት ከዚያው አገር ከመጣ ሌላ በሽተኛ ነው። እንግዲህ ጆሮዬ ያርፋል ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ማክሰኞ ረዘመብኝ።

ኅዳር ላይ እትዬ ሥራነሽ ጥቁር ለብሰው፣ ጎረቤታቸውን ወለተ ሚካኤልን ይዘው ገቡ። እትዬ፣ ሴትየዋ ዳገት ላይ ሲያለከልኩ አይተው፣ እግራቸውን በአውራ ጣት ተጭነው፣ የተሰረጎደው ቶሎ አልመለስ ሲላቸው ነው ያመጧቸው። ሐኪሙ መርምሮ ሕመሙ ገና ጅምር ነው፣ በክኒን ይያዛል አለ። ወለተ ሚካኤል ዓይናቸውን መሬት ላይ እንደተከሉ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልኳቸው ለእትዬ።

"አሜን" አሉና እንደ ድሮው ሊጠይቁኝ ቀና ብለው አዩኝ።

ወረፋው ከበሩ አልፏል፤ ወገቤ ከጠዋት ጀምሮ ያመኛል። ሁለት ወንበር ስቤ አንዱን ለእትዬ ሰጠሁ፤ በሌላው እኔ ተቀመጥኩ።