ጋቢ ለብሶ ጅጌ የመጣው ኮምፒውተር

ኮምፒውተር ጋቢ ለብሶ በባጃጅ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚህ ሐይቅ ከተማ አይቻለሁ፤ ያውም ወደ ቤቴ ሲመጣ። «ብርድ እንዳይመታው ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ባለቤቱ ጋሽ ይመር «አቧራ እንዳይገባው ነው እንጂ! አሁንም አልበሰልክም?» ብለው ተቆጡኝ። ድሮም ቁጣ አያጡም። አስተማሪዬ ነበሩ። የኔ ብቻ መስለዋችሁ? የግማሹ ከተማ አስተማሪ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈት ቤት ከፍተው ለሰው ማመልከቻ ይጽፋሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። አለቃዬ አዲስ አበባ፣ እኔ ሐይቅ። እንዴት ይሆናል አትበሉኝ፤ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለ ይሆናል፤ መብራት ካለ ደግሞ በጣም ይሆናል። አሁን እናንተ የሚከብደው መጻፉ ይመስላችኋል አይደል? የሚከብደው ከተጻፈ በኋላ ነው። እኛ የጻፍነውን ኮምፒውተሩ እሱ ወደሚገባው ቋንቋ ቁራጭ በቁራጭ መተርጎም አለበት። ከዚያ ቁርጥራጩን ሁሉ ገጣጥሞ አንድ ያደርገዋል። መገንባት እንለዋለን። የኛው ሶፍትዌር ቁራጩ የትየለሌ ነው። ላፕቶፔ ብቻዋን ከያዘችው ውላ ታድራለች። ስትግል ደግሞ አጠገቧ ልብስ ይደርቃል፣ ወላሂ!

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አለቃዬ ደወለ። ለካ ቢሮ ያለው ትልቁ ማሽን ተበላሽቷል። ደንበኛው ደግሞ ሶፍትዌሩን እስከ ማታ ካላገኘ ውሉን አፈርሳለሁ ብሏል። «እንግዲህ ደንበኛው ከሄደ አንተም ተከትለኸው ሂድ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ከሥራ መባረር ማለት ነው በአማርኛ። ምን ላድርግ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ቁራጮቹን ለብዙ ኮምፒውተር በገመድ አከፋፍሎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሠራት ይቻላል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለዚሁ ብለው አዳራሽ ሙሉ ማሽን ይደረድራሉ። እኔ አዳራሽ የለኝም። ጎረቤት ግን አለኝ። ሌላው አገር ደቦ የሚለውን እኛ ጅጌ እንላለን፤ ማሽላ ሲታረም ሁሉም ትልም ትልሙን ይዞ የአንድ ሰው ማሳ በአንድ ቀን ያልቃል። እናም ጅጌ ጠራሁ።

መጀመሪያ የመጣው ሰይድ ነው፤ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ጓደኛዬ። ማሽኑ ውስጧ መብራት ያላት፣ ስትሠራ ቀይ አረንጓዴ የምትል ጉድ ናት። ቀጥላ ዘነበች መጣች። የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አላት፤ ያሏትን ኮምፒውተሮች በሁለት ባጃጅ ጭና ከተፍ። ጋሽ ይመርን ግን አልጠራኋቸውም። የእሳቸው ኮምፒውተር ተከፍቶ እስኪነሳ ሻይ ታዝዞ፣ ተጠጥቶ፣ ሒሳብ ይከፈላል። እሳቸው ግን ወሬው ደርሷቸው «ጅጌ ጠርተህ እኔን ትዘላለህ?» ብለው ያንን ጋቢ የለበሰ ሳጥን ይዘው መጡ። አስተማሪህን «የእርስዎ ይንቀራፈፋል» ትላለህ? እስቲ አንተ በለው! ሳጥኑ ብቻ ይበቃል ብዬ ብለምንም፣ ያንን ጀርባው የተነፋ የጥንት ስክሪን ጭምር አምጥተዋል። «ያለ ዓይኑ እንዴት ይሠራል?» አሉ።

አንድ ያልጠረጠርኩት ነገር ነበር። ኮምፒውተሩን ሰጥቶኝ ወደ ቤቱ የሄደ የለም። ጅጌ ነዋ! ማን ነው መኮትኮቻውን ልኮ እቤቱ የሚቀመጥ? ሁሉም ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። ጅጌ ከሆነ ደግሞ ምሳ አለ። እህቴ ሐዋ አሳ ጠበሰች። ሥጋ ቢሆን ማን ባረከው፣ የሙስሊም ነው የክርስቲያን የሚባል ጣጣ ነበረው። የሐይቃችን አሳ ግን ማን ባረከው አይባልም፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። ዘፈንም አልቀረም። ዘነበች የውጫሌ ልጅ ናትና አምባሰል ማንጎራጎር ጀመረች። ሰይድ «ኧረ እባክሽ! በአምባሰል አረም አይታረምም፤ ሰው መኮትኮቻውን ተደግፎ ይተክዛል» አላት። እውነቱን ነው።

ሥራው ይንዶቀዶቃል። እኔን ደግሞ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እንግዶቼ እንዳይሰለቻቸው ብዬ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰሌዳ ከፈትኩላቸው። የእያንዳንዱ ኮምፒውተር ባለቤት ስም ተጽፏል፤ ማሽኑ ቁራጭ በጨረሰ ቁጥር ከስሙ ፊት አረንጓዴ መስመር ይረዝማል። ምን አለፋችሁ፣ ቤቱ ኳስ ሜዳ ሆነ። የሰይድ መስመር ሽው ብሎ ጫፍ ሊደርስ ነው። የዘነበችም ይከተላል። የጋሽ ይመር ብቻ ከስማቸው ሥር ፈቅ አላለም። አንድ ቁራጭ ይዞ፣ ሳይጨርሰውም ሳይለቀውም ያቃስታል። እሳቸው መነጽራቸውን እየወለወሉ ያዩታል፣ ደግመው ይወለውላሉ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ የሰይድ ምላስም እንደዚያው ናት። «ጋሽ ይመር፣ የእርስዎስ ኮምፒውተር አሳ ሊበላ ነው እንዴ የመጣው!» አለ።

ሳቅን። ከዚያ ዞረን እሳቸውን አየን። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ጋሽ ይመር አልተቆጡም። ቢቆጡ ደግ ነበር፣ ቁጣቸውን ለምደነዋል። ገመዱን ነቀሉ፣ ሳጥኑን በጋቢው ጠቀለሉ፣ ስክሪናቸውን እዚያው ትተው ወጡ። በሩ ላይ ደርሼ ብለምናቸው «ሥራ አለኝ» ብቻ ብለው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። አንጀቴን በሉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁና ታዘቡኝ። የእሳቸው ኮምፒውተር ሲወጣ ያቺ የተያዘች ቁራጭ ለሌላ ተሰጠችና ሥራው ፈጠነ። በሆዴ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ገና ብዬ ሳልጨርስ ዘነበች ተነሥታ ገመዷን መንቀል ጀመረች። «ምነው?» ብላት «አስተማሪዬ ተቀይመው ከወጡበት ቤት የኔ ኮምፒውተር አይሠራም» አለችኝ። ኧረ ሥራዬ! ኧረ እንጀራዬ! ብል ማን ሰምቶኝ። ይባስ ብሎ ሰይድ ራሱ፣ ያ ምላሰኛ፣ ማሽኑን አጠፋ። «እሳቸው ይቅር ብለው አፉ ሳይሉኝ ብሠራ በረካ የለውም» አለ። ቀና ብዬ ሰሌዳውን ባየው የቀረው አንድ ስም ነው፤ «ኑሩ» የሚለው፣ የኔ። ላፕቶፔ ብቻዋን ታቃስታለች። ውጭ የከሰዓቱ የአስር ሶላት አዛን ይሰማል። እንግዲህ እስከ ማታ ምን ቀረ?

ሌላ መንገድ የለም፤ ሄዶ ይቅርታ መጠየቅ ነው። አጥፊ ድንጋይ ተሸክሞ ነው መቼም ይቅርታ የሚጠይቀው። ሰይድ ጓሮዬ ዞሮ ዞሮ ድንጋይ አጣ። ዘነበች ያንን የተረሳ ስክሪን አሳየችው። «ከዚህ የከበደ ድንጋይ የት ልታገኝ ነው?» አለችው። አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ጫነው። እሱ ጎንበስ ብሎ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ በዋናው አስፋልት ወደ መናኸሪያው ወረድን። ያየን ሁሉ «ምን አጥፍቶ ነው?» ይለናል። ምን ብለን እንንገረው?

ጋሽ ይመር መጋረጃውን ገርበብ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰይድ ደጃፉ ላይ ጎንበስ እንዳለ «ጋሽዬ፣ አፉ ይበሉኝ» አለ። መነጽራቸውን መወልወል ጀመሩ። «ለአላህ ብለው አፉ ይበሉኝ!» አሁንም ይወለውላሉ። ስክሪኑ ከማጅራቱ ላይ መንሸራተት ጀመረ።

«አውርደው» አሉ በመጨረሻ። «አንተ ብትወድቅ ትነሣለህ፤ እሱ ከተሰበረ መለዋወጫ የለውም።» ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። «አፉ ብያለሁ» አሉ። እፎይ ልል ስል ወደኔ ዞሩ። «የሱስ አፉ ነው ያመለጠው። አንተ ግን ኑሩ፣ አስበህ ሰሌዳ ትሰቅላለህ? ጅጌ ላይ ማን ስንት አረመ ተብሎ ሲቆጠር የት አየህ? የመጣ መጣ ነው።» አፈርኩ። አፉ ይበሉኝ አልኩ እኔም። አሉኝ።

ጋቢውም፣ ሳጥኑም፣ ስክሪኑም፣ ጋሽ ይመርም በአንድ ባጃጅ ተመለሱ። ሰሌዳውን አጠፋሁት። ለእሳቸው ኮምፒውተር ትንንሹ ቁራጭ ብቻ እንዲደርሰው አደረግሁ፤ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፣ እናንተም አትናገሩ። ዘነበች አምባሰሏን አነሣች፤ ሰይድ እንኳ ዝም ብሎ ሰማት። ፀሐይ ስትገባ ቁርጥራጩ ተገጣጥሞ አለቀና ወደ አዲስ አበባ ላክሁት። ብዙም ሳንቆይ መብራት ሄደ። ይሂድ!

አለቃዬ ደወለ፤ ደስ ብሎታል። «በምን ፈጠነልህ?» አለኝ። «በጅጌ» አልኩት። «አላውቀውም፤ በነፃ ነው ወይስ ይከፈልበታል?» አለ። «በነፃ ነው» አልኩት።

አሁን ሳስበው ዋሽቼዋለሁ። ጅጌ የመጣልህ ሰው ሲጠራህ መሄድ አለብህ። ሰይድ ሰርግ በበዛበት ወር ጠራኝና ላፕቶፔ የማላውቃቸውን ሙሽሮች ስታቀናብር ከረመች። ዘነበች ለተማሪዎቿ ፈተና ጠራችኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አለቃዬ ደውሎ እንደልማዱ «እስከ ማታ ይድረስልኝ» ብሎኝ ገና ስልኩን ሳልዘጋ፣ ጋሽ ይመር ጋቢያቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። «ጅጌ ጠርቻለሁ» አሉ። ላፕቶፔን ጠቀለሏትና ተከትዬ ሄድኩ። ሥራው ምን መሰላችሁ? የአንድ ገጽ ማመልከቻ። ይሄ ስንት ኮምፒውተር ይፈልጋል ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ማን ደፍሮ!

ይሄን የምጽፍላችሁ እዚሁ ጽሕፈት ቤታቸው ቁጭ ብዬ በስልኬ ነው። ሰይድም ዘነበችም አሉ። ማመልከቻውን ጋሽ ይመር በዚያው ኮምፒውተራቸው በሁለት ጣት እየጻፉት ነው። የኛ ኮምፒውተሮች ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ የኔማ ጋቢዋም አልተገለጠላት። ምሳ ግን ቀርቧል፣ አሳ ነው። አለቃዬ አሁንም ይደውላል። «ከጠዋት ጀምሮ ምን ሠራህ?» ይላል።

አሳ በልቻለሁ። ሌላው በጅጌ አይቆጠርም።