ኮርማ ከኋላ፣ ይሉኝታ ከፊት

ሰው በሁለት ምክንያት ይሮጣል፤ አንድም የሚያባርረው ሲመጣበት፣ አንድም የሚያባርረው ሲያጣ። እኛ በባዕድ አገር የከተምን የፌርፋክስ ሰዎች የመጀመሪያውን ሩጫ ጠንቅቀን እናውቀዋለን። አብዛኞቻችን ሌሊት ለሌሊት ድንበር ስንሻገር ከሰገነት ላይ ሆኖ ያጨበጨበልን አልነበረም። ሁለተኛውን ግን፣ ማለትም ሰላም የሰለቸው ሰው የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ፣ ሆቴል ይዞ፣ «እባክህ አባርረኝ» ብሎ ኮርማ ፊት የሚቆምበትን ሩጫ፣ እስከ ሰባ ዓመቴ ድረስ የማውቀው በቴሌቪዥን ብቻ ነበር። ምነው በዚያው በቀረ እንድል ትጠብቁ ይሆናል። አልልም።

ነገሩ የተጀመረው በወንበር ነው። በፌርፋክስ ጎዳና ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በአንደኛው፣ ከመስኮቱ ሥር አንዲት ወንበር አለች። እኔ ዳውንታውን ውስጥ፣ ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ሰማይን የማየው በምሳ ሰዓት ነበር። ጡረታ በወጣሁ ማግስት ያቺ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሣሁም ማለት ይቻላል። ከእርሷ ላይ ሆኜ መንገዱን አያለሁ፤ መንገዱም እኔን ያያል። አላፊ አግዳሚው በመስታወቱ ማዶ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ይነሣኛል። የትኛው ጡረታ ይህን ይከፍላል?

ከፊቴ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የሚቀመጡት አቶ ተሰማ ናቸው፤ የኢንግልዉዱ ባለ ታክሲ። ሠላሳ ዓመት ስንተዋወቅ «አንተ» ተባብለን አናውቅም። «ዕድሜ ልኬን መንገድ ሳይ ኖሬ፣ በስተርጅና ግድግዳ እንዳይ ተፈረደብኝ» እያሉ ወንበሬን በዓይናቸው ሲለኩ ኖረዋል።

አንድ የጁላይ ቀትር ቴሌቪዥኑ የስፔኗን የፓምፕሎናን የኮርማ ሩጫ ያሳያል። ነጭ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረ ሕዝብ እየተረጋገጠ ይሮጣል።

«ይህ መደናበር እንጂ ሩጫ አይደለም፤ ሰው ሲሸሽም ሥርዓት አለው» አልሁ። ማን ጠየቀኝ?

«እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ይሸሹ ነበር፣ አቶ በላቸው?» አሉ አቶ ተሰማ።

«ጀርባዬን አቅንቼ።»

ምግብ ቤቱ ሳቀ። አቶ ተሰማ ግን አልሳቁም፤ የቆየ ዕድላቸው በር ሲያንኳኳ ሰምተዋል። «ልጅዎ በሚቀጥለው ዓመት ለሰባኛ ልደትዎ ስፔን ትወስድዎ የለም? እንግዲያው ይሩጧ! የእንጨት አጥሩ ከሚጀምርበት ኮርማዎቹ እስከሚገቡበት ሜዳ በር ከሮጡ፣ ወንበሯን ዳግመኛ ቀና ብዬ አላያትም። ካልሮጡ ግን እኔ ወደ መስኮቱ፣ እርስዎ ወደ ግድግዳው።»

«ጋሼ፣ እንዳትሰማው! ሲሪየስሊ!» አለች አስተናጋጇ ሜሮን። እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አንቱታው ባይኖራትም ርኅራኄው አላት።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «እሮጣለሁ» አልሁ።

እዚህ ላይ ለእናንተ ብቻ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ኮርማን በቅርብ የማውቀው በክትፎ መልክ ነው።

ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ፌርፋክስን ይዤ ወደ ሰሜን እስከ ገበያው ድረስ ፈጠን ፈጠን እያልሁ ስመላለስ፣ አቶ ተሰማ ታክሲያቸውን አዝግመው በመስኮት «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!» እያሉ ያልፉኛል። እኔም ዞር ሳልል «በሬ ሌላ፣ ኮርማ ሌላ!» እላለሁ።

ፓምፕሎና ደረስን። ልጄ ሊያ ሩጫውን ቁልቁል የምናይበት ሰገነት ተከራይታለች። ጠዋት ነጩን ልብስ ለብሼ፣ ቀዩን አስሬ ወደ ደረጃው ሳመራ ገባት።

«ዳዲ፣ የት ነው? ኖ! ኢንሹራንስህ ይሄን ከቨር አያደርግም!»

«ቃሌ ግን ይሸፍነዋል» ብዬ ወረድሁ።

ጎዳናው ጠባብ ነው። የተጠቀለለ ጋዜጣ የያዙ ጎልማሶች ይዘላሉ፣ ያማትባሉ። እኔም አማተብሁ፤ በዚህ እንኳ ከማንም አላንስም። ሁለት ሰዓት ሲሆን የኮርማዎቹን መለቀቅ የሚያበስረው ሮኬት ተተኮሰ። መጀመሪያ የሰው ጩኸት መጣ፤ ቀጥሎ ከእግሬ ሥር ድንጋዩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሮጥሁ። ጀርባዬን አቅንቼ፣ ክርኔን ሰብስቤ፣ በሥርዓት ሮጥሁ። አሥራ አንድ እርምጃ ሮጥሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ዞር አልሁ። ኮርማ በቴሌቪዥን ሲታይ ቀንድ አለው፤ በአካል ሲታይ ግን ኮርማ ማለት ቀንድ ነው፤ የቀረው ከኋላ የሚከተል ጓዝ ነው። ሥርዓቱን ትቼ ወደ እንጨቱ አጥር አመራሁ። በሁለት አግዳሚ መካከል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሾልክበት ክፍተት አለ። እጄን ልዘረጋ ስል፣ ሌላ እጅ እኩል ደረሰ። ሽማግሌ ነው፤ ፀጉሩ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ከእኔ አሥር ዓመት የሚበልጥ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ትገባላችሁ። እኔ ግን ታላቅ ቆሞ በር ቀድሜ ገብቼ አላውቅም። እግሬ በራሱ ፈቃድ ቆመ፣ ቀኝ እጄ ተዘረጋ፣ አፌም በጥርት ያለ አማርኛ «ይቅደሙ» አለ።

ሽማግሌው ደግሞ ምን ዓይነት እናት እንዳሳደገችው እንጃ፣ በያዘው ጋዜጣ ክፍተቱን እያመለከተ አንዳች ነገር በቋንቋው አለኝ። ትርጉም አላስፈለገኝም። ይቅደሙ ነው።

«ኧረ አይሆንም! እርስዎ ይቅደሙ!»

እርሱም መለሰ። እኔም ጸናሁ። «በሞቴ!» አልሁት፤ ቃሉን የዚያን ዕለት ያህል በቦታው የተጠቀመበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ያን ጊዜ ትኩስ ትንፋሽ ጆሮ ግንዴን ዳበሰው። ስድስት ኮርማ፣ አንዱ ከሌላው እየገዘፈ፣ በተዘረጋው እጄ ሥር ለማለት በሚያስደፍር ቅርበት ሄደ። ሁለታችንም አልገባንም። ሁለታችንም አልሞትንም። ሽማግሌው አቅፎ ሳመኝና ትከሻዬን በጋዜጣው መታኝ፤ ምርቃት ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሊያ ከሰገነት በስልኳ ቀርጻኛለች፤ ስሮጥ ግን ዓይኗንም ስልኩንም በእጇ ስለ ሸፈነች አሥራ አንዱ እርምጃ የለም። ምስሉ ሲጀምር እኔ ሰንደቅ ዓላማ እንደሚሰቀልበት እንጨት ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ኮርማዎቹን አንድ በአንድ «ይለፉ» የምል እመስላለሁ።

ፌርፋክስ ስንመለስ የሽማግሌውን ነገር አጫወትኋቸው፤ አቶ ተሰማም ስልኩን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አዩት። በሌለሁበት ወንበሯ ላይ አልተቀመጡም ነበር፤ ሜሮን መስክራለች።

«አልሮጡም» አሉ።

«አሥራ አንድ እርምጃ ሮጫለሁ፤ ምስክር የለኝም። ቢኖረኝም እስከ ሜዳው በር አልደረስሁም። ውል ውል ነው፤ ወንበሯ የእርስዎ ናት።»

አቶ ተሰማ ብድግ አሉ፤ ወንበሯንም ከጠረጴዛው ስበው «ኮርማ ፊት ቆሞ ታላቁን ያስቀደመ ሰው ግድግዳ ሲያይ አላይም። ይቀመጡ» አሉኝ።

«ቃል የሰጠ ሰው አይቀመጥባትም። እርስዎ ይቀመጡ።»

«ኧረ በእመብርሃን!»

«ኧረ አይሆንም!»

ክንዳቸውን ይዤ ወደ ወንበሯ እገፋለሁ፤ ክንዴን ይዘው ወደ ወንበሯ ይገፉኛል። እየተገፋፋን ከወንበሯ ፈንጠር ብለን ኖሯል። ዘወር ስንል ሁለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሜኑ ያነባሉ።

«ጋሼ፣ ሶሪ» አለች ሜሮን። «ሁለታችሁም አልፈልግም ስትሉ ሰማሁ። ሶ... እዚያ አስቀመጥኋቸው።»

የቀረው ባዶ ጠረጴዛ ግድግዳው ሥር ያለው ነው፤ ያውም አንደኛው ወንበር እግሩ ይወላገዳል። አቶ ተሰማ ደህነኛውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ይቀመጡ» አሉ።

ቶሎ ተቀመጥሁ። ሰው ከኮርማ ካልተማረ ከምን ሊማር ነው?