ሃያ ዓመት የተላከልኝ ውሃ

ከጎረቤት የሚደርሳችሁ እንደ ዕድላችሁ ነው። ለአንዱ ጨው ይላክለታል፣ ለሌላው ወሬ። ከአሰላ ዳገት ላይ የሚያርሱት ኦቦ ቱፋ ግን ለእኔ ለጡረተኛው መምህር ሃያ ዓመት ሙሉ የላኩልኝ ጎርፍ ነው። በክፋት እንዳይመስላችሁ! የደጋ ገብስ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል፤ ስለዚህ እንደ አባታቸው ውሃውን በቦይ ቁልቁል ይለቁታል። ቁልቁል ማለት የእኔ ጓሮ ነው። ሐምሌ በገባ ቁጥር ከባለቤቴ ጋር አልጋችንን ድንጋይ ላይ እንሰቅልና፣ የጭቃው ግድግዳ ዘንድሮስ ይቆም ይሆን እያልን እንሰጋለን።

አንድ በጋ መንግሥት አስታወሰን። ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን፣ ዶማና አካፋ፣ ከሁሉ በላይ ውሃ ልክ የያዘች ጫልቱ የምትባል ባለሙያ ላከልን። አገሬው ነቅሎ ወጣ፤ ዳገቱ አግድም በእርከን ተሸነሸነ፣ የገብሱም ትርፍ ውሃ ድንጋይ በተነጠፈበት ቦይ እንዲወርድ ተደረገ። እኔም ድንጋይ ተሸከምኩ፤ ወገቤ እስከ ዛሬ ይመሰክራል። ኦቦ ቱፋ ከሁላችንም በላይ ቆፈሩ። ሲጨርሱ ግን እጃቸው እንደለመደው እርከኑን ቀደድ አድርገው ለውሃው መውጫ ተዉለት። ወደ ማን ቤት እንደሚያመራ አልነግራችሁም።

ጫልቱ ደፈነችው። በማግስቱ ተከፍቶ ተገኘ።

"ልጄ፣ ውሃ ታስሮ ያድራል እንዴ?" አሏት።

አልተከራከረችም። ወደ ጓሮዬ ይዛቸው ወረደችና ጎርፉ የከመረውን ጥቁር አፈር አሳየቻቸው። የእርሻቸው አፈር ነው። አንድ እፍኝ ዘገኑ፣ በጣታቸው አሹትና ዳገታቸውን ወጡ። መውጫው ግን እንደተከፈተ ነበር።

ሐምሌ ላይ ሰማዩ ተቀደደ። አካፋ ይዤ ሽቅብ ሮጥኩ። ስደርስ ኦቦ ቱፋ መውጫው ላይ፣ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ውስጥ ቆመዋል።

"ኦቦ ቱፋ፣ ይተዉት! ቤቴን ሊያፈርሱት ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"አንተ መምህር፣ መጮኹን ተውና ድንጋይ አቀብለኝ! አፈሬ ሊሄድ ነው!"

ለካ እየደፈኑ ነው! አቀበልኳቸው። ሁለታችንም ጭቃ ለብሰን ቆመን አየን፤ ውሃው ወደ ተሠራለት ቦይ ዞረ። በደስታ አለቀስኩ። ደግነቱ ዝናብ ነበር፣ አላዩኝም። ያን ክረምት አልጋችን መሬቱን ረግጦ ከረመ።

በሁለተኛው ዓመት፣ እርከኑ ዳገቱ ላይ ያስቀረው ውሃ ወደ መሬት ሰርጎ፣ ደርቋል የተባለው የጓሮዬ ምንጭ በበጋ ፈለቀ። ወሬው ዳገቱን ለመውጣት አንድ ቀን አልፈጀበትም። በማግስቱ ኦቦ ቱፋ አህያቸው ላይ ጀሪካን ጭነው በሬ ላይ ቆሙ።

"ውሃዬን ልወስድ መጣሁ" አሉ።

ሃያ ዓመት ያለ ልክ ሲልኩልኝ አንድ ቀን እንኳ መልስልኝ ብለውኝ አያውቁም። ጀሪካኑን ያዝኩላቸው።