ጋሽ ቆጣሪና ከማጠቢያው ሥር ያለው ደንበኛ

ጋሽ ቆጣሪ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብለው አንድ ነጭ የፕላስቲክ የውሃ ሳህን በእርሳስና በማስመሪያ ያሰምራሉ። ግራ እጃቸው ሳህኑን እንደ ሕፃን ጭንቅላት ደግፎታል፤ ቀኝ እጃቸው በየግማሽ ጣቱ አንድ መስመር ይስባል። አሥራ ሁለተኛውን ስበው ሲጨርሱ ቀና አሉና «በቃ፣ ደንበኛው ይጠጣ፤ እኛ እናነባለን» አሉ። ደንበኛው ውሻዬ ነው።

በየሕንፃው ሁሉን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ካላማከሩት ይቀየማል፣ ካማከሩት አይሄድም። አምፖል ቢቃጠል፣ ወገብ ቢያም፣ ልጅ ሒሳብ ቢከብደው እሱ ቀድሞ በር ላይ ነው። የእኛ ሕንፃ ይህን ማዕረግ የሰጠው ለክቡር ጋሽ ቆጣሪ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ፤ ስሙም ከዚያው ተለጥፎባቸው ቀረ። ክርክር ሲነሳ መዝጊያቸው አንድ ነው፤ «ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው በር ሳንኳኳ ነው የኖርኩት!» ከዚያ በኋላ የሚናገር የለም። ምን ተብሎ ይነገራል?

ውሻውን ያመጣሁት እህቴ በሞተች በአምስተኛው ወር ነው። ሁለታችን አርባ ዓመት በኖርንበት ቤት የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ቀርቶ ነበር። የባዘኑ ውሾች መጠለያ ሄድኩና፣ ያን ሁሉ የሚንጫጫ ውሻ እየለየሁ መምረጥ አሳፈረኝና፣ ጥግ ላይ ዝም ብሎ የተኛውን በጣቴ አሳየሁ። ሠራተኛዋ ደግማ አየችኝ።

«እማማ፣ እሱ እኮ አርጅቷል። ሁለት ቤት ሄዶ ተመልሷል። አሥር ቀን ይሞክሩት። ከማጠቢያ ሥርም ይሁን ከአልጋ ሥር ወጥቶ ከሰው ጋር ካልተኛ፣ ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በፊት ከዚህ ወረቀት ጋር ይመልሱት። ግን ሦስተኛው ነው። ሦስት ጊዜ የተመለሰውን ለሰው አናሳይም።»

ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርጉት አልጠየቅኩም። ፊቷ ላይ ነበር።

ቤት እንደገባ ወጥ ቤት ሄዶ የዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከጋዝ ሲሊንደሩ ኋላ ተወሸቀ። ከሱ የሚታየኝ አንድ የተቆረጠ ጆሮና የጅራት ጫፍ ነው። እኔ ከቤት ስወጣ ሁለት ሦስት ጉርሻ ይበላል፤ ስመለስ ይንቀጠቀጣል። በዕድሜዬ ብዙ ሰው አስፈርቶኛል፤ እኔን የፈራ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው።

በሁለተኛው ቀን ጋሽ ቆጣሪ ሥልጣኑን ተረከቡ። «ዓይኑን አይዩት እትዬ! ፊት ለፊት አይሂዱበት፣ በጎን! እጅዎን ወደ ኪስ! ጥርስዎን አያሳዩት!» ጥርስስ ብዙም የለኝም። ሳምንቱን ሙሉ በገዛ ወጥ ቤቴ እንደ ሸርጣን በጎን ስሄድ ሰነበትኩ። ልጄ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ድስት ይዤ በጎን በጎን ስወጣ ብታየኝ በሩን እንደያዘች ቀረች።

«እማዬ፣ ወገብሽን ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ። ጋሽ ቆጣሪ ናቸው እንዲህ ሂጂ ያሉኝ።»

«ታዲያ ቅዳሜ የምንመልሰው ውሻውን ነው ሰውየውን?»

አልሳቅኩም። እሷም ሳቋ ቶሎ አለቀ። «እማ፣ አንቺ ለራስሽ ሰው ያስፈልግሻል። ይሄ ደግሞ እየሞተ ያለ ውሻ ነው» አለችና ሳህኖቼን አጥባልኝ ሄደች። ውሻው ከማጠቢያው ሥር፣ እግሯ አጠገብ ሆኖ፣ ውሃው በወረደ ቁጥር ሲደነግጥ ሲሊንደሩ ይንኳኳ ነበር።

ጋሽ ቆጣሪ ጠዋትና ማታ ንባባቸውን አያቋርጡም። አንድ ነገር ግን ታዝቤአለሁ፤ የወጥ ቤቱን ደፍ ተሻግረው አያውቁም። «ከዚህ ይታየኛል» ይላሉ። ወንበር በሩ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ሁለት እግራቸውን ወንበሩ ላይ ይሰበስባሉ፣ ባትሪ ያበራሉ፣ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ ከዚያ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። «ጠዋት፣ ግማሽ መስመር። ማታ፣ አልተንቀሳቀሰም። ደንበኛው ተደብቋል።» በቀን አራት መስመር የጠጣ ዕለት ቤቱን ለመደ ማለት ነው ብለው ወስነዋል። ከየት እንዳመጡት እግዜር ይወቅ።

በስምንተኛው ቀን ውሃው ንቅንቅ አላለም። ማታ መጥተው «ዜሮ» ሲሉ ድምፃቸው ወለሉ ላይ የወደቀ መሰለኝ። ያንን ደግሜ መስማት አልቻልኩም። በማግስቱ ሊመጡ ሲሉ ሁለት መስመር ሙሉ ደፋሁ።

«ሁለት!» ብለው ከወንበሩ ሊወድቁ ነበር። «ሁለት መስመር እትዬ! አላልኩም? ሠላሳ አንድ ዓመት...» ደረጃውን እየዘለሉ ወረዱ። ቆይቼ ስወርድ፣ ምድር ቤት ያለችው ፀጉር ሠሪ እጇ በሳሙና እንደተለወሰ ወጥታ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ጠጣልዎት አሉ!» አለችኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ማጠቢያው ሥር ቦታ ቢኖር እኔም እገባ ነበር።

አርብ ማታ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ውሃውን እኔ ነኝ የደፋሁት።»

ደብተሩን ዘጉት። ተቆጥተው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ጫማቸውን እያዩ፣ «እኔም እኮ ውሻ ያለበት ግቢ ገብቼ አላውቅም» አሉ። «ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ አንዱ ነከሰኝ። ከዚያ ወዲህ ከአጥር ውጭ ቆሜ በግምት ነው የጻፍኩት።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት?»

«አንዱ ሳምንት ሲቀነስ።»

ለካ ሳምንቱን ሙሉ የሄድኩት የሚሸሽ ሰው አካሄድ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የመጠለያውን ወረቀት ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ወጥ ቤት አልገባሁም። ጋሽ ቆጣሪ ክራቫት አስረው መጡ፤ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ኪሳቸው ከተቱና «እርስዎ አይችሉም። እኔ አደርሰዋለሁ» አሉ። የውሻውን ማሰሪያ ገመድ ያዙ። ከዚያ ግን ውሻው ያለው ወጥ ቤት ውስጥ መሆኑ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ደፉ ላይ ቆሙ። ላባቸው ግንባራቸው ላይ ችፍ አለ። ዓይናቸውን ጨፍነው ተሻገሩ።

ወለሉ ላይ በጎናቸው ተኙ፣ ጀርባቸውን ለማጠቢያው ሰጥተው። መናገርም ጀመሩ፤ ለማን እንደሆነ አልገባኝም። «ነጭ በር፣ ቆጣሪው ከደረጃው ግራ... ትልቅ ጥቁር ውሻ፣ አልገባሁም። አረንጓዴ አጥር፣ ሁለት ቡችላ... ቡችላም ሆነው አልገባሁም...» የሸሹትን ቤት ሁሉ አንድ በአንድ ሲጠሩ፣ ሲሊንደሩ ኮሽ አለ።

«እትዬ፣» አሉ በሹክሹክታ፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ «ምን እያደረገ ነው?»

«ካልሲዎን እያሸተተ ነው ጋሼ።»

«ሊነክሰኝ ነው?»

«እንጃ።»

«ከሆነ አስቀድመው ይንገሩኝ።»

«እሺ።»

አልነከሳቸውም። ሁለት ጊዜ ዞረና ጀርባውን ጀርባቸው ላይ አስደግፎ ተኛ፤ ፊቱ አሁንም ወደ ግድግዳው ነው። ሁለቱም ይንቀጠቀጡ ነበር፤ የትኛው የትኛውን እንደሚያንቀጠቅጥ መለየት አልቻልኩም። የማያውቁት ነገር የሌለ እኚህን ሰው፣ እንደዚያ ቀን ወድጄአቸው አላውቅም።

«አምስት ተኩል ሆኗል ጋሼ» አልኩ ቀስ ብዬ። «መጠለያው ይዘጋል።»

«ሰምቻለሁ» አሉ።

አልተነሱም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ወረቀቱ ኮታቸው ኪስ ውስጥ፣ ጎናቸው ሥር፣ እንደተጨፈለቀ ነበር።